ስዕሉ ላይ የሌለች ሽቦ

"በይ ተጫኚው!" አለ ኃላፊው።

ቴክኒሻኗ ቁልፉን ተጫነች። ከግድግዳው ወዲያ ትልቁ ፓምፕ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። የመቆጣጠሪያው ካቢኔት በር ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"ደግሞ ምን ሆነ?"

"እንጃ" አለች። እንጃ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

የከተማውን ውሃ የሚገፋው ይህ ጣቢያ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ያቆመችውም እሷ ናት። በካቢኔቱ ውስጥ ሽቦዎቹ የሚታሰሩባቸው ሰሌዳዎች፣ ሠራተኛው ተርሚናል የሚላቸው፣ ከማርጀታቸው የተነሳ ብሎናቸው ተልጧል፤ ፕላስቲካቸውም በነኩት ቁጥር እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። እነሱን አውጥቶ በአዲስ መተካት ለማያውቀው የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሽቦ ፈትቶ ሽቦ ማሰር። ሕጉም አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሽቦ አንገቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ አዲሱ ሰሌዳ ላይ ወደዚያው ቁጥር ይሄዳል። አንዷ ከሳተች ግን ከተማው በሙሉ ባዶ ባልዲ ታቅፎ ያድራል። ኃላፊው ደግሞ፣ ምላስ አጥንት የለውምና፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይለቀቃል ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቷል።

ስልኩ እጁ ላይ መጮህ አላቆመም። "አዎ ጌታዬ... ትንሽ ነው የቀረን ጌታዬ..." እያለ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር መለኪያዋን አንስታ መስመሮቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ችግሩን ያገኘችው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ውሃው ከሚታከምበት የክሎሪን ክፍል የሚመጣው የመርዛማ ጋዝ ጠቋሚ መስመር ሞቷል። ጠቋሚው "ጋዝ የለም፣ ደህና ነው" ካላለ ፓምፑ አይነሳም፤ ሲሠራም የተሠራው እንዲያ ሆኖ ነው። ታዲያ እስከ ትናንት እንዴት ሲነሳ ኖረ?

ድንገት ትዝ አላት። ጠዋት አሮጌውን ተርሚናል ስትፈታ በሁለት ብሎኖች መካከል የጣት ርዝመት ያላት ቀይ ሽቦ አግኝታ ነበር። ቁጥር የላትም፤ የካቢኔቱ የሽቦ ስዕል ላይም የለችም። የሆነ ሰው ረስቷት የሄደ ቁራጭ መስላት ጣለቻት። አሁን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እጇን ከትታ አወጣቻት። ጃምፐር ናት፤ የሞተውን ጠቋሚ ደህና ነው እያለች ለፓምፑ ስትዋሽ የኖረች ሽቦ።

"እሷን እኔ ነኝ ያሰርኳት" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

አጎቷ ነው፤ የእናቷ ወንድም። የክሎሪን ክፍሉ ሠራተኛ ሲሆን እሷንም አሳድጎ፣ አስተምሮ ለዚህ ያበቃት እሱ ነው፤ ዛሬም የሚኖሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"ጠቋሚው ሲበላሽ ፓምፑን እያቆመ ቁም ስቅላችንን አሳየን። የቀድሞው ኃላፊ 'የአንተ አፍንጫ እያለ ምን ያደርግልናል' አለኝና በእሷ አለፍነው። በይ መልሰሽ እሰሪያት፤ ሰዉ ውሃ ይጠጣ።"

በጣቢያው ውስጥ ስሙ "አፍንጫው" ነው። አንድ ጊዜ ከግቢው በር ላይ ሆኖ ከላላ ቫልቭ የሚያፈስ ክሎሪን አሽትቶ፣ ሰው ሁሉ በጊዜ እንዲወጣ አድርጓል። ቀልደኞቹ "ደመወዙ የአፍንጫው ነው፣ ቀሪው አካል አጃቢ ነው" ይላሉ። እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል።

ሻዩን ልትቀበለው ዞር ስትል የሽቦ መበየጃ ካውያዋን አየች። በድንጋጤ እንደጋለ ያስቀመጠችው አሮጌ ገመድ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ እየቀለጠ ክፍሉን ጉሮሮ በሚይዝ ሽታ ሞልቶታል። ዘላ ከሶኬቱ ነቀለችውና አፏንና አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች። አጎቷ ሻዩን እፍ፣ እፍ እያለ "ምነው?" አላት።

ትክ ብላ አየችው። ባለፈው ሳምንት ሚስቱ፣ ድንቹ አርሮ ቤቱን ሲያጥነው እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር ብላ ስታማርር ሁሉም ስቀው ነበር። አሁን ሳቅ አልመጣላትም።

"ጋሼ፣ አይሸትህም?"

"ምኑ?"

"ፕላስቲክ እኮ ነው የተቃጠለው!"

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወደ ኮሪደሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ነው። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል ብሎኛል።"

"ክረምት ላይ ከያዘህ? ከዚያ ጀምሮ እንዲህ ሆነህ ነው እዚያ ክፍል የምትገባው?"

"ቀስ በይ!"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትለኝ አልነበር?"

"ተረቱን ተይልኝ፣ ልጄ። ካወቁ ቤቴ ነው የሚያስቀምጡኝ። እኔ እዚህ ያለ አፍንጫዬ ምንድን ነኝ?" ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። "አደራሽን። ሽቦዋን እሰሪና እንደነበረው ይሁን።"

ማሰሩ የሁለት ብሎን ሥራ ነው። ካቻቢቴው በእጇ፣ ሽቦዋም በእጇ ናት። ብታስራት ውሃው ይለቀቃል፤ ኃላፊው ከውርደት ይድናል፤ አጎቷም ስሙን ይዞ ይኖራል። ነገ ጠዋት ግን ያንን በር ይከፍታል። የሆነ ቫልቭ ላልቶ ቢጠብቀው ደወሉም አይጮህለትም፣ አፍንጫውም አይነግረውም። አባቷን አታውቀውም፤ አባት ስትል የኖረችው ይህንን ሰው ነው። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ኃላፊው ተመልሶ ገባ። "አገኘሽው?"

"አገኘሁት። የጋዝ ጠቋሚው ሞቷል። አዲስ እስኪገባ ፓምፑ መነሳት የለበትም።"

"መቼ ነው የሚገባው?"

"ነገ። ካልሆነ ከነገ ወዲያ።"

"ምን ነካሽ? ሰዉ እኮ በቁሜ ይበላኛል! ለመሆኑ እስከዛሬ በምን ሲሠራ ነበር?"

አጎቷ ቀድሟት ነገረው፤ ስለ ጃምፐሯም፣ ስለ ቀድሞው ኃላፊም። የኃላፊው ፊት ወዲያው በራ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪያት እንጂ! ጋሼ አሉልን አይደል እንዴ? የእርስዎ አፍንጫ እያለ ጠቋሚ ለምኔ!"

አጎቷ አብሮት ሳቀ። እየሳቀም በዓይኑ ይለምናታል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ካለችው በኋላ መመለሻ የላትም። ማታ አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

"ጋሼ ማሽተት አቁሟል" አለች። "ከክረምት ጀምሮ።"

የኃላፊው ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ አጎቷ ዞረ፤ አጎቷ ግን እሷን ነበር የሚያየው፣ ከዚህ በፊት አይቷት እንደማያውቅ ሁሉ። ሊያስተባብል ይችል ነበር። አላስተባበለም። ሻዩን ትቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኃላፊው ማን እንደሆነ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። "ሥራ አስኪያጁ ናቸው። አሁን ምን ልበላቸው?"

አጎቷን ተከትላ ሮጣ እጁን መያዝ አማራት። እግሯ ግን ከካቢኔቱ ፊት አልተነቃነቀም። ፒንሳውን አነሳች፤ ቀይዋን ሽቦ ለሁለት ቆርጣ መሬት ላይ ጣለቻትና እጇን ዘረጋች።

"ስልኩን ይስጡኝ" አለች። "እርስዎ ለሆስፒታሉ የውሃ ቦቴ ያስልኩ። ለሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።"