የፈንግል ክትባት በዶሮ ማነቂያ

ይህቺ ፀደንያ የምትባል የልጅ ልጄ አንድ ቀን በድንጋጤ ትገድለኛለች። የእንስሳት ሐኪም ናት። ባለፈው ወር ለሰፈራችን ለዶሮ ማነቂያ ዶሮ ሁሉ የፈንግል ክትባት ዓይን ዓይናቸው ላይ ጠብ ስታደርግ ጎረቤቱ በምርቃት አጥለቀለቃት። አሁን ግን ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለዋል፤ እንቁላልም አቁመዋል። ትናንት ከላቦራቶሪ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እቴቴ፣ ክትባቱ ውስጥ ሌላ ቫይረስ ተገኘ። ክትባቱ ከተመረተበት እንቁላል የመጣ ነው። ሰው አይዝም፤ ግን ዛሬውኑ ለጎረቤት ልንገር።»

«አርፈሽ ተቀመጪ! ዶሮ ፈጀች ብለው ስምሽን ሊያጠፉት? ፋብሪካው ራሱ ይናገር!»

«ጠብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳያውቁ ሌላ ዶሮ ገዝተው ቢቀላቅሉስ?»

ግትር ናት፤ በማን እንደወጣች እንጃ! ብቻዋን እንዳይበሏት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት። ፀደንያ የጎረቤታችን የምብራት በር ላይ ቆማ ስለ ሕያው ክትባት፣ ስለ ምርመራው ውጤት ታብራራ ጀመር። የምብራት ፊት እየጠቆረ ሄደ።

አላስቻለኝም። «ምብራትዬ፣ ባጭሩ ክትባቱ ራሱ ታሞ ኖሯል» አልኳት።

ምብራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «ታዲያ እሱን ማን ሊከትበው ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ፀደንያ ዞረች። «ነይ ግቢ፣ የታመሙትን ለይልኝ። ሌላው ቤት ግን እንደ እኔ ይስቃል ብለሽ እንዳትጠብቂ!»

ይኸው፣ እኔስ ምን አልኩ? ልጅት ግን እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።