ብረቱ ከምድጃው የወጣ ቀን

እሷን የጠየቃት ቢኖር ያ የብረት ምድጃ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ነበር። ባሏ ግን አንዴ ካለ አለ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ግንበኛውን ይዞ ከች አለ። ግንበኛውን ሰፈርተኛው «ቀስ በሉ» ይለዋል፤ ሥራ ላይ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናትና።

ብረቱን ያስገባችው እሷ ናት። ድሮ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አፉን የከፈተ የግንብ ምድጃ ነበር፤ አባትና ልጅ ፊቱ ተቀምጠው ፍልጥ እየጨመሩ ሲያወሩ ያመሹ ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት ደረቷ መታፈን ጀመረ። ሐኪሙ «ጭስ እንዳያገኛት» አለ። እናት ውላ አላደረችም፤ እሳቱ ተዘግቶ የሚነድበት፣ የመስታወት በር ያለው የብረት ሣጥን ምድጃው ውስጥ አስገጠመች፤ ዙሪያውንም በሲሚንቶ አስለሰነች። ልጅቷ አለቀሰች። አባቷ «ሲሻልሽ እንከፍተዋለን» ብሎ አባበላት። አልተሻላትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አረፈች፤ ይኸው ዓመት ሊሆናት ነው።

ለአባት ሳይፈጽማት የቀረችበት ቃል ይህች «እንከፍተዋለን» ናት። ለእናት ደግሞ ያ ብረት ልጇን የጠበቀችበት ነው፤ እሱ ከወጣ የምትጠብቀው ልጅ የላትም ማለት ነው። ይህን አውጥታ መናገር ስላቃታት «ቤቱ ይበርዳል» እያለች ስትነዘንዘው ከረመች።

ግንበኛው አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ የጭሱን ቱቦ ፈታ፤ ሲሚንቶውን ጠርዝ ጠርዙን በመሮ ፈለፈለ።

«ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ጋሼ! ይሄ እኮ ከአማቴ ይከብዳል!» አለ ብረቱን ከባልየው ጋር እየጎተተ።

ባልየው ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ብረቱ ብርድ ልብሱ ላይ እየተንሸራተተ ሲወጣ ጥላሸቱን ዘረገፈው፤ ከበስተኋላው ጥቁር፣ ሰፊ ባዶ ታየ። እሷ ፊቷን አዞረች።

«ጭስ ማውጫው ግማሹ ተደፍኗል» አለ ግንበኛው ዕቃውን እየሰበሰበ። «ነገ መጥቼ ሳልጠርገው ክብሪት እንዳታስነኩት፣ አደራ!»

ገና የግቢው በር ሳይዘጋ ባልየው ፍልጥ መደርደር ያዘ።

«ሰውየው ምን ብሎህ ሄደ?»

«ሰምቻለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ እኮ። ትንሽ ብቻ፣ ነበልባሉን ልየው።»

ልትከለክለው ብላ፣ ክብሪቱን ይዞ ድሮ ከልጅቷ ጋር በሚያመሽበት ቦታ ሲቀመጥ አይታ ተወችው። እሳቱ ተያያዘ። የባሏ ፊት በራ፤ እውነት ለመናገር እሷም ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ወዲያው ግን ጭሱ መውጫ አጥቶ ተመለሰና ሳሎኑን ሞላው።

እግሯ መቼ እንደወሰዳት አታውቅም። የልጅቷን ክፍል በር ዘግታ፣ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ እርጥብ ፎጣ በበሩ ሥር እየወተፈች ነበር።

«ቶሎ በል እንጂ! ጭሱ ይገባባታል!» ብላ ጮኸች።

ባሏ እያሳለ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። የተናገረችውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። እጇ ፎጣው ላይ ደረቀ። «ምን ነካሽ?» እስኪላት ጠበቀች፤ እሱ ግን አጠገቧ ተንበረከከና የፎጣውን ሌላ ጫፍ ይዞ፣ ክፍተት እንዳይኖር እየተጠነቀቀ ወተፈው።