እምቢ የማለት ሥልጣን

አጎቴ ጋሽ ኅሩይ ስለ ሮም ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ዙሪክ የጥንት ሮማውያንን ታሪክ ሳጠና ምን እንደምማር አንድም ቀን አላነሱም። ተመርቄ አዲስ አበባ ገብቼ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላም በስልክ «ጤና ነህ? ተማሪዎችህ ያከብሩሃል?» ከማለት አያልፉም። ዘንድሮ ለእረፍት መጥቼ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ሳሎን ስተኛ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣

«ታዲዮስ፣» አሉኝ፣ «እነዚያ ሮሞችህ ሰው ጥሏቸው ሲሄድ ምን ያደርጉ ነበር?»

ማንን እያሰቡ እንደጠየቁኝ ገባኝ።

ጄኔቭና ዙሪክ ያሉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት አንድ እድር ነበራቸው። ጋሽ ኅሩይ ከመሠረቱት ጀምሮ ሊቀ መንበሩ እሳቸው ናቸው፤ ስብሰባውም ሁልጊዜ ጄኔቭ ነው። የዙሪኮቹ፣ አብዛኞቹ በየሱቁና በየሆስፒታሉ ፈረቃ የሚገቡ ሰዎች፣ አገሩን አቋርጠው በባቡር ይመጡ ነበር። አምና እትዬ ሸዋረጋ የሚባሉ ሴት ተነሥተው «ስብሰባው አንዴ እዚህ አንዴ እኛ ጋ ይሁን፤ ሊቀ መንበሩም ይቀያየር» አሉ። ጋሽ ኅሩይ «እድሩን ያቆምነው እኛ ነን» ብለው መለሱ። እትዬ ሸዋረጋ ካፖርታቸውን አነሡና፣ «እንግዲያው እናንተው ቅበሩ፣ እናንተው ተቀበሩ» ብለው ወጡ። ዙሪክ ያለ ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ።

«ነገሩ ረጅም ነው፣ ጋሼ።»

«ጡረተኛ ነኝ እኮ። የት እሄዳለሁ?»

ነገርኳቸው። እንደሚተረከው ሮምን የሞላት ከየቦታው ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ነገሥታት ነበሯት። የመጨረሻው ሲከፋባቸው አባረሩትና በአንድ ዘውድ ፋንታ ሁለት ሹሞች አደረጉ፣ ያውም ለአንድ ዓመት ብቻ። ግን ሁለቱም ሹሞች የሚወጡት ከእነዚያው ከጥንት ባለ ስም ቤቶች ነበር። ሲዘምትና ሲያርስ የኖረው ተራ ሰው ይሄ መረረው። አንድ ቀን ሰይፍ ሳይመዝ፣ ድንጋይ ሳይወረውር፣ ዝም ብሎ ከከተማው ወጣና አንድ ኮረብታ ላይ ተቀመጠ።

«ተቀመጠ? በቃ?»

«በቃ። ከተማዋ ጭር አለች።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ከዚያስ?»

«ትልልቆቹ ሰው ላኩ። ተመለሱ ብለው ለመኗቸው።»

«ሽማግሌ ላኩ በለኛ!»

«እንደዚያ በለው፣ ጋሼ። ሕዝቡ ደግሞ የራሴ ሹም ይኑረኝ አለ። ማንም እጁን የማያነሣበት ሹም። የትልልቆቹን ነገር እሱ እምቢ ካለ ነገሩ እንዲቆም። ይሁን አሏቸው፤ ተመለሱ።»

«በአንድ ሰው እምቢታ?»

«በአንድ ሰው።»

በመስኮቱ ተመለከቱ። ፊት ለፊት ባለው ሕንጻ በረንዳ ላይ አንዲት ሴት ምንጣፍ ታራግፋለች።

«አሁን ስብሰባ ላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ?» አሉ። «እሺ። ያልኩትን ሁሉ እሺ። ባለፈው ጊዜ ሆን ብዬ የማይረባ ሐሳብ አመጣሁ፤ አጨበጨቡልኝ! ሸዋረጋ ብትኖር በሽሙጥ ትጠብሰኝ ነበር።» ምንጣፍ የምታራግፈዋን ሴት እያዩ፣ «ትመለስልኝ፤» አሉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሽማግሌ እንዲሆኑ የተመረጡት ጋሽ ዘይኑዲን ናቸው። ወሎዬ፣ ጄኔቭ ሆቴል ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በጠቡ ወደ የትኛውም ወገን ያላደሉ። ሁለተኛው እኔ ሆንኩ፤ ሌላ ሰው አልተገኘም። ሦስታችን ወደ ዙሪክ ስንሄድ ጋሽ ዘይኑዲን ባቡር ውስጥ ሥርዓቱን አስጠኑኝ።

«ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ አይቀምስም። ተቀመጡ ቢሉህ ‹ለጉዳይ ነው የመጣነው› ትላለህ። በዳዩ ደግሞ ከውጭ ይቆያል፤ ሲጠራ ይገባል። ገባህ?»

«በዳዩ እኔ መሆኔ ነው?» አሉ ጋሽ ኅሩይ።

«እና እኔ ልሁን?»

ከዚያ በኋላ ሐይቁን እያየን ተጓዝን። ያንን የኮረብታ ታሪክ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ እርስዎን ማን ይመለሱ ብሎዎት ነው የመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እቤት ስገባ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማንም አላለኝም ነበር። ዙሪክ ሳለሁ አዲስ አበባ ትናፍቀኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ስገባ በዝናብ የሚያልፈው የዙሪክ ትራም ይመጣብኛል። የሮም ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ኮረብታው ላይ ሆነው ወደ መንገዱ ሲያዩ የሚመጣ ሰው ነበር።

እትዬ ሸዋረጋ የሚኖሩት ዙሪክ ዜባህ ሰፈር ነው፣ ትራሙ መጨረሻው ጋ ሲደርስ። ጋሽ ኅሩይ በጥቁር ሱፋቸውና በከረባታቸው ከሕንጻው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ወጣን። በሩን የከፈተችልን ጎረቤታቸው ሰፊያ ናት። እትዬ ሸዋረጋ ዋሊሰለን ገበያ አዳራሽ ውስጥ ከሚሠሩበት ዳቦ ቤት ገና መግባታቸው ነበር፤ የሥራ ሸሚዛቸውን አልቀየሩም።

«ውይ፣ ጋሽ ዘይኑ! ምን እግር ጣላችሁ? ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም፤» አሉ ጋሽ ዘይኑዲን ደረታቸውን ነፍተው። «ለጉዳይ ነው የመጣነው።»

«ሻይ ላምጣ፣» አለች ሰፊያ።

«አንቀምስም።»

ሰፊያ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ቁልቁል ተመለከተች። «እትዬ ሸዋ!» ብላ ጮኸች። «ሙሽራውም ታች ተቀምጧል! በከረባት!» እልልታዋን ለቀቀችው።

«አንቺ ልጅ! ዝም በይ!» ጋሽ ዘይኑዲን ላብ አጠመቃቸው። «የእድር ነገር ነው! የእድር!»

እትዬ ሸዋረጋ ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «እኔስ ልብሴን ልቀይር ነበር፤» አሉ። «አንተ ደግሞ፣ ታዲዮስ፣ መቼ ነው የሸመገልከው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ እትዬ።»

«ጥሯቸው። ታች ሰው ሲያያቸው ደግ አይደለም።»

ጋሽ ኅሩይ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የእትዬ ሸዋረጋ ሳቅ ጠፋ።

«ሸዋረጋ፣ በድያለሁ፤» አሉ። «ሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። ተመለሱ ልል ነው የመጣሁት። ሊቀ መንበሩ ሁለት ይሁን፣ አንድ ከእኛ፣ አንድ ከእናንተ፣ ለአንድ ዓመት። ስብሰባውም ይቀያየር። ሌላም አለ። እኛ የወሰንነውን ነገር አንቺ እምቢ ካልሽ፣ ነገሩ ይቆማል።»

«ይኼን ማን አስተማረዎት?»

«ይኸው፣ የወንድሜ ልጅ። ከሮም ነው።»

እትዬ ሸዋረጋ አተኩረው አዩዋቸው። «እምቢ ማለት የእኔ ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ። ከአሁን። እግዜር ምስክሬ፣ ዘይኑዲንም ምስክሬ።»

«እንግዲያው እምቢ።»

ታች ትራሙ ሲዞር ሲጢጥ ይላል።

«ሸዋረጋ…»

«እምቢ አልኩ። ይቆማል ብለውኛል።» ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። «አቶ ኅሩይ፣ ያን ዕለት ጣቢያው ላይ ባቡር ውስጥ ገብተን በመስኮት ሳይ ነበር። አንድ ሰው ሮጦ ይመጣል ብዬ። እርስዎ ባይሆኑ እንኳ አንድ ሰው። ባቡሩ ሄደ። ከዚያ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ይሆናሉ እያልኩ አነሣለሁ፤ የሥራ ሰዓት ሊቀይሩብኝ የሚደውሉ ናቸው። በኋላ የሰፊያ እናት አገር ቤት ሞቱ። ወዴት እንሂድ? ድንኳን የለን፣ አዳራሽ የለን። እዚህች ሳሎን ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። አንዱ ሩዝ ይዞ መጣ፣ አንዱ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ጎረቤቶቼ፣ የአገሩ ሰዎች፣ ጫማውን ቆጥረው ፖሊስ ይጠራሉ ብዬ ስፈራ፣ አንዷ አሮጊት አበባ ይዛ መጣች። ማንም ሳይሰበስበን፣ እድር ሆንን። አሁን ይኼን አፍርሼ ወዴት ልመለስ?»

ሰፊያ ወለሉን እያየች፣ «ጋሽ ኅሩይ፣ ያኔ ቢመጡ ኖሮ…» አለችና ተወችው።

የሮም ሰዎች የተመለሱት ቶሎ ስለተደረሰላቸው ይሆናል እላለሁ። ኮረብታ ላይ ብዙ የቆየ ሰው የቤት ምሰሶ ይተክላል፤ ይኼ በመጽሐፎቼ ውስጥ አልነበረም። ወይም ነበረ፣ እኔ አላየሁትም።

ጋሽ ዘይኑዲን የባቡሩን ሰዓት ማየት ጀመሩ። ጋሽ ኅሩይ ግን ሄደው እትዬ ሸዋረጋ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አንተ! እሺ ሳንባል?» አሉ ጋሽ ዘይኑዲን።

«ተወኝ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ሸዋረጋ፣ እናንተ ካልመጣችሁ፣ እኔን አባል አድርጉኝ።»

«ምን?»

«የዙሪኩ እድር ውስጥ። ተራ አባል። ሊቀ መንበርነቱን ጄኔቭ ላሉት ለእነ ግዛው እተወዋለሁ፤ እሺ ሲባባሉ ይኑሩ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ከጄኔቭ እየተመላለሱ?»

«እናንተ አልተመላለሳችሁም?»

እትዬ ሸዋረጋ ሸሚዛቸው ላይ የቀረውን ዱቄት በእጃቸው አራገፉ። «ለብቻዬ አልወስንም፤» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ተሰብስበን ነው የምንወስነው። ሰው ይጠየቃል። እምቢም ሊሉ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ቅር እንዳይልዎት።»

«ይለኛል እንጂ! ግን እጠብቃለሁ።»

ሰፊያ ሻዩን አመጣች፤ ጋሽ ዘይኑዲንም ሥርዓቱ ፈርሷል እያሉ እያጉረመረሙ ጠጡ።

ስንመለስ ጋሽ ኅሩይ ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ እያዩ መልሰው ይከቱታል። ገና ኦልተን ጣቢያ እንኳ አልደረስንም።

«ከእነዚያ ከትልልቆቹ ቤት ወደ ሕዝቡ የተዛወረ ሰው ነበረ?» አሉኝ።

«ነበረ፣ ጋሼ።»

«ተቀበሉት?»

«አንዳንዱን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዘይኑዲን አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ውጭ የበቆሎ ማሳ፣ ፋብሪካ፣ ደግሞ የበቆሎ ማሳ ያልፋል። አጎቴ በመስኮቱ ያዩት የነበረው ግን ማሳውን አልመሰለኝም። ስብሰባቸው ቅዳሜ ከሰዓት እንደሆነ ሰፊያ ስትሸኘን ነግራናለች።

«ቢቀበሉኝ፣» አሉ ድንገት፣ «መጀመሪያ የምናገረው ስለ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ እድር የት አለ? ግማሹ ሰው ሥራ ላይ ነው። ሸዋረጋ ትከራከረኛለች፣ አውቃታለሁ። ‹እርስዎ ገና መምጣትዎ ነው› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዝም አልልም…»

እስከ ሎዛን ድረስ ያላቆሙት ክርክር ነበር፤ የእትዬ ሸዋረጋንም የራሳቸውንም መልስ ይመልሱ ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ።