ቦና ጡረታ እስኪወጣ

መምህር ወልደዮሐንስ ዕድሜውን ሙሉ ዲላ ውስጥ ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣ። ጋቢ አለበሱት፣ ፎቶ ተነሡ፣ አበቃ። መስከረም ሲጠባ ግን እግሩ በለመደው መንገድ ወስዶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጣለው። ተማሪዎቹ በአጠገቡ እየሮጡ አልፈው ቦናን ከበቡት። "ቲቸር! ቲቸር!"

ቦና የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የቡሌ ወረዳ ልጅ። አብረው ተቀጥረው፣ ላጤ ሳሉ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። የሚበላለጡት በወራት ነው። ቦና ስልሳ የሚሞላው ጥር ላይ ስለሆነ ወልደዮሐንስ ጥርን እንደ በዓል ይጠብቃት ነበር።

ኅዳር ላይ ወሬ መጣ። የመምህራን የጡረታ ዕድሜ ይራዘም የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ቀድመው የወጡትን ግን አይመለከትም።

"እንግዲህ እኔ ገና አለሁ ማለት ነው!" አለ ቦና ሻይ ቤት ተቀምጠው እየሳቀ። "አንተ ወንድሜ ተቻኩለህ ተወለድክ።"

ወልደዮሐንስም ሳቀ፤ ሻዩን ግን ሳይጨርስ ገፋው። የቦና ነጭ ጋዋን አስቀናው። ጣቱ ላይ የቀረው የጠመኔ ዱቄት አስቀናው። ሲያረፍድ የሚቆጣው ርዕሰ መምህር ሳይቀር አስቀናው።

በሐሳቡ ላይ ውይይት ሲጠራ ጡረተኞችም ተጋበዙ። ቦና ተነሥቶ፣ "ጉልበቴም ልቤም ገና ነው፤ ቢራዘም ደስ ይለኛል" አለ። እሱ ሳይቀመጥ ወልደዮሐንስ እጁን አወጣ።

"ተመርቀው ቤት የዋሉ ልጆች አሉን። የእኔዋ ሉሲ አንዷ ናት። እኛ ቦታውን ካልለቀቅን እነሱ የት ይግቡ?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠችው ሉሲ ዓይኗን ጠረገች።

ሲወጡ ቦና በሩ ላይ ጠበቀው።

"ያልከው እውነት ነው" አለው። "ግን ለልጆቹ ብለህ አልተናገርክም። እኔ አንተን አላጣህም።"

ቦና ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። ሉሲ ደርሳ፣ "አባዬ፣ ዛሬ ኮራሁብህ" ስትለው ፊቱን ወደ ሞያሌ ወደሚወስደው አስፋልት አዞረ።

ጥር እስኪደርስ ሐሳቡ ውሳኔ ስላላገኘ ቦናም እንደ ሌላው ተሸኘ። በሽኝቱ ላይ እንደ ወልደዮሐንስ ያጨበጨበ አልነበረም። ያን ሰሞን የምግብ ፍላጎቱ ሁሉ ተመለሰ። ከቦና ጋር ታርቆ፣ ጠዋት ጠዋት አብረው እየተንሸራሸሩ ሊያረጁ አሰበና ደወለለት።

"አሁን አይመቸኝም" አለ ቦና፤ ከጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። "አንድ የግል ትምህርት ቤት ቀጥሮኛል። ክፍል ልገባ ነው።"

"እ... እንኳን ደስ ያለህ።"

የፊዚክስ መምህር ይፈልጉ እንደሆነ ሊጠይቀው ነበር። ሳይጠይቀው ስልኩን ዘጋ።