የግሉኮስ ጠባቂዎች

የአክስቷ ልጅ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ድርጅት ከፍተናል» እያለ ሲያወራ፣ የሰማው ሰው ፎቅና ጥበቃ ያለው ነገር ይመስለው ነበር። ድርጅቱ ግን ድሮ ፀጉር ቤት የነበረ አንድ ክፍል ነው። አከራዩ ትልልቆቹን መስታወቶች ከግድግዳው አልነቀሏቸውም፤ ስለዚህ እሷና የአክስቷ ልጅ ተቀምጠው ሽቦ ሲበይዱ ቤቱ በሠራተኛ የተሞላ ይመስላል። «ስብሰባ ሲኖረን ነው ጥሩው» ይላል አጅሬ፣ መስታወቱ ውስጥ ወዳሉት ሁሉ እየጠቆመ። እሷ መሐንዲስ ናት፤ ደህና ሥራዋን ትታ ነው እዚህ የገባችው። እሱ መሸጥና ማሳመን፣ ከዚያም ሰው ማሳቅ ያውቅበታል። እሱ የበየደውን ግን ሁልጊዜ እሷ ትደግመዋለች።

የሚሠሩት የክብሪት ሳጥን የምታክል መሣሪያ ነበር። በሽተኛው ክንድ ላይ ግሉኮስ ሲሰካ፣ መሣሪያዋ ከፕላስቲኩ ሥር ቱቦውን ቆንጥጣ ትቀመጣለች፤ ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ትጮኻለች። ሐሳቡ የመጣላት አምና አባቷ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ነው። እናቷ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከጠብታው ላይ ሳይነቅሉ ሰነበቱ። ግሉኮሱ ሳይታይ ካለቀ ደም ወደ ቱቦው ይመለሳል ሲባል ሰምተው፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። አባቷ ድነው የወጡ ቀን፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ በሽተኛዋ እናቷ መስለውት እሳቸውን ነበር ደግፎ ያወረደው። መሐንዲሷ ያን ቀን ነው ይህን ነገር እሠራለሁ ያለችው።

ብዙ ደጅ ከጠኑ በኋላ አንድ ሆስፒታል እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ በአንድ ክፍል እንዲሞክሩ ፈቀደላቸው። የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት። ነርሶቹ ከኋላዋ «ኮሎኔሏ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት የሚላት ግን የለም። እሷ «አይሆንም» ካለች የሌላ ሆስፒታል በር አይከፈትላቸውም፤ መሐንዲሷም «ሲሰለችሽ ትመለሻለሽ» ብሎ ወደ ሸኛት አለቃዋ አንገቷን ደፍታ መመለሷ ነው። 

የመጀመሪያው ቀን ደህና አለፈ። በማግሥቱ መሐንዲሷ ስትመጣ መሣሪያዎቹ ሁሉ ቱቦው ላይ እንዳሉ ጠፍተዋል። ባትሪ መስሏት ቀየረች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ብታይ አሁንም ጠፍተዋል። አበራቻቸው፤ በማግሥቱም ያው ሆነ።

«ሲስተሮቹ ጥምድ አድርገውናል» አለ የአክስቷ ልጅ። «ጭቅጭቋ አሰልችቷቸው እየዞሩ ነው የሚያጠፏት።»

እሷም ከዚህ ሌላ አልታያትም። ድፍረቷን አሰባስባ ኮሎኔሏ ዘንድ ሄደች። ኮሎኔሏ መድኃኒት እየቆጠረች ስለነበር ቀና አላለችም።

«የእኔ ነርሶች ማጥፊያዋ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም» አለች። «ስትጮኽ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔም አልሰማሁም። ወሩ እንዲሁ ካለቀ ምን እንደምል ታውቂዋለሽ።»

መሐንዲሷ ቅስሟ ተሰብሮ ወጣች። ቤት ገብታ ለእናቷ ስትነግራቸው እሳቸው ግን መላ አላጡም። ጎረቤታቸው እዚያው ክፍል ተኝቷል፤ ሴት ልጁ ሥራዋ ደርሳ እስክትመለስ እሳቸው ቢያስታምሙትስ? ማን እንደሚያጠፋ በዓይናቸው ያያሉ። «ለእኔ ተይው፤ አሮጊት የሚጠረጥር የለም» አሉ። ሲሄዱም ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ መሐንዲሷ ድምጿን አጥፍታ ወደ ክፍሉ ገባች። ከጎረቤታቸው አልጋ በኩል አንዲት ጩኸት ተሰማችና ወዲያው ቀጥ አለች። ዘወር ስትል እናቷ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ማጥፊያዋ ላይ እንዳሳረፉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

እናቷ የተያዘ ሰው ገጽታ እንኳ የላቸውም። «ዝም እያሰኘኋት» አሉ። «እያት፤ ሲስተሯ ጥግ ላይ የዚያን ምስኪን ቁስል እያጠበችለት ነው። ይቺ ስትጮኽባት ዞራ የምታየው ማንን ነው? እኛን። ዛሬ ፊት ትነሳናለች፣ ነገ ጥርሷ ውስጥ እንገባለን። በሽተኛችን ደግሞ ያለው በእሷ እጅ ነው። ሰው ሲፈልጉት ሄደው በትሕትና ‹እህቴ› ይሉታል እንጂ በጡሩምባ ይጠሩታል እንዴ?»

«ሌሎቹንስ ማን ነው የሚያጠፋቸው?»

«ሁሉም ነዋ። እኔንስ ያስተማረችኝ ያቺ ባሏን የምታስታምመው አይደለችም? እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችሽ።»

ባሏን የምታስታምመው ሴት ካለችበት ሆና በትሕትና እጅ ነሳች።

መሐንዲሷ መጀመሪያ ተናደደች፤ የገዛ እናቷ፣ ያውም እሳቸውን ብላ የሠራችውን መሣሪያ ማጥፋታቸው! ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ጥቂት ስትቆም ግን ንዴቷ ወደ ሳቅ፣ ሳቁም ወደ እፍረት ተለወጠ። መሣሪያውን የጀመረችው የእናቷን ዓይን ለማሳረፍ ነበር። መሃል ላይ የሚገዛው ሆስፒታል ነው፣ የሚሰማው ነርስ ነው ስትል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ረስታው አረፈችው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አስታማሚ ሁሉ ደግሞ አሁንም ጠብታው ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

ፀጉር ቤቱ ስትደርስ «ድምጹን እናወጣዋለን» አለች። «ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ከመሣሪያዋ ምልክት ተቀብላ አስታማሚው እጅ ላይ ቫይብሬት የምታደርግ ሌላ ትንሽ ነገር እንሠራለን። እሱ ሄዶ ሲስተሯን በአንደበቱ ይጥራት።»

የአክስቷ ልጅ የያዘውን አስቀመጠ። «አብደሻል? እኔ ለሰው ሁሉ የማወራው ነርሷ ትሰማለች እያልኩ ነው። አስታማሚ ይተኛ ብሎ መሣሪያ የሚገዛ ሆስፒታል የት አለ?»

«አባዬን ልትጠይቅ ስትመጣ እማን አላየሃትም?»

አይቷቸዋል። የአክስቱን ፊት አስታወሰ። ከዚያ ተነስቶ ሰፈር ውስጥ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ሁሉ ጋ ዞረ፤ ከተጣሉ ስልኮች የተነቀሉ ቫይብሬተሮችን በከረጢት ይዞ ተመለሰ። ጡሩምባዎቹን ነቀሉ፣ ቫይብሬተሮቹን የእጅ ሰዓት በሚያህል ማቀፊያ ውስጥ አስገብተው የእጅ ማሰሪያ ሰፉላቸው። መጀመሪያ የተሠራችውን እናቷ አስረው ሞከሯትና «እንዲህ ነው እንጂ፤ ይቺ ጨዋ ናት» አሉ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኮሎኔሏ ክፍሉን ልትዞር መጥታ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። መሐንዲሷ ከኋላዋ ነበረች። አስታማሚው ሁሉ ተኝቷል። ወንበር ላይ አንገቱን የጣለ አለ፤ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ የተዘረረም አለ። ባሏን የምታስታምመው ሴት የአልጋውን ጠርዝ ተንተርሳ ታንኮራፋለች።

«ግሉኮሱን ማን ነው የሚያየው?» አለች ኮሎኔሏ። መሐንዲሷ መሣሪያዋ አሁን ብትከሽፍ በዚህች ሴት ፊት ሌላ ዕድል እንደሌላት ታውቃለች።

ልጃቸውን የሚያስታምሙ ሽማግሌ ድንገት ዓይናቸውን ገለጡ። የእጃቸውን አንጓ አዩ፣ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አጠለቁና ወደ በሩ መጡ። «እህቴ» አሏት ዝግ ብለው፣ «የእኛ ሊያልቅ ነው መሰለኝ።»

ኮሎኔሏ ሄዳ አየች። ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረው አንድ ጣት አይሞላም። በአዲስ ቀየረችላቸው። ሽማግሌው መርቀዋት ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ አንገታቸው ወደቀ። ኮሎኔሏ የተኛውን ሰው አንድ በአንድ አየችና «እዚህ ቤት አስታማሚ ሲተኛ አይቼ አላውቅም» አለች። ምስጋና ይሁን ወቀሳ መሐንዲሷ አልገባትም።

የሙከራው የመጨረሻ ቀን የአክስቷ ልጅ መሣሪያዎቹን ሊሰበስብ ሳጥን ይዞ ገባ። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ፈቃዱ አልቋል። መጀመሪያ የደረሰው ባሏን የምታስታምመው ሴት ጋ ነበር። ሴትየዋ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«እናት፣ ሙከራው አልቋል እኮ» አላት።

«የእኔ ባል አልተነሳም» አለች። «እሱ ሲነሳ ውሰዷት።»

ሽማግሌው የእጃቸውን ማሰሪያ እጅጌያቸው ውስጥ አስገብተው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ከግድግዳው ሥር ያለችው አስታማሚ ደግሞ የተኛች መስላ ፊቷን አዞረች። አጅሬ ባዶ ሳጥኑን እንዳቀፈ መሐንዲሷን አያት።

«ሳጥኑን ዝጋው» የሚል ድምጽ መጣ። ኮሎኔሏ ናት። «ሥራ ላይ ያለ ዕቃ አይነሳም። ይልቅ ማዶ ያሉት ክፍሎች አስታማሚዎች ምን በደሉ? ለእነሱ የምታመጡት መቼ ነው?»

መሐንዲሷ ለዚህች ጥያቄ ስንት ወር ስትዘጋጅ እንደኖረች ራሷ ነች የምታውቀው። አሁን ግን እንባዋ ቀደማት።

«ነገ» አለ የአክስቷ ልጅ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለቀለት መሣሪያ አንድ እንኳ የለም።

«ነገ እጠብቃለሁ» አለች ኮሎኔሏና ሥራዋን ቀጠለች።

ደረጃውን ሲወርዱ መሐንዲሷ ጀርባውን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ አቀፈችው። እያለቀሰች ትስቃለች። ከአባቷ መዳን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። «አንተ ውሸታም» አለችው፣ «ሩጥ፣ መበየጃውን አሙቅ።» እሱ ደረቱን ነፍቶ ቀደማት፤ እሷም ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች።