በሰፍያ ቤት የተነጠፈ መኝታ

ባሏ አስረስ የጋሌጣ ሳጥን ተሸክሞ ሲመጣ ወለተጊዮርጊስ ገና ከሩቅ አይታ ደነገጠች። ጣሊያን ወታደሮቹን የሚመግበው ያ ድንጋይ የመሰለ ዳቦ የሚመጣበት ሳጥን ነው፤ ከመንገድ ሥራው ለምኖ ያገኘው። አስረስ ጣሊያን ሳይገባ ቡታጅራ ላይ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ ዛሬ ድንጋይ ይፈልጣል። እጁ ላይ አንዱ ቁስል ሳይደርቅ ሌላው ይከተላል። በዚያው በቆሰለ እጁ ምስማሩን ነቅሎ፣ ጠርዙን ፍቆ አለስልሶ አምጥቶታል።

"የልጁ አልጋ ነው" አለ። "ምሰሶው ሥር እናስቀምጠው።"

"እዚህ ቤት የሕፃን ዕቃ አይቀመጥም።"

"እንግዲህ ጀመረሽ!"

ጀመራት፤ ምን ታድርግ? ሁለት ቀብራለች። ለመጀመሪያው ሁሉን ቀድማ አሰናድታ ነበር። ለሁለተኛዋ ፈርታ አንዲት ጨርቅ እንኳ አላዘጋጀችም። ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሄዱ። አሁን ሦስተኛው ሆዷን ገፍቶት ቀኑ ደርሷል፤ የቀራት መላ የአሮጊቶቹ መላ ብቻ ነው። ልጅ የሚሞትባት ሴት ልጇን ገና በሆዷ ሳለ ልጆቿ ላደጉላት ጎረቤት ትሸጣለች። ልጁ በገዢዋ ቤት ተወልዶ የገዢዋ ልጅ ይባላል፤ እናቱ እንደ ሞግዚት ታጠባዋለች። "ልጄ" የሚል ቃል ከእናትም ከአባትም አፍ ከወጣ ግን ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ የሚከታተላት ነገር ሰምቶ ይመጣል ይባላል።

ገዢዋ ሰፍያ ናት። በአጥር የምትዋሰናቸው፣ ባሏ የሞተባት፣ አራት ወልዳ አራቱንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃች የመስቃን ሴት። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች።

"ወላሂ፣ ሞት እንዲህ ቂል አይደለም፤ ሁሉም በአላህ እጅ ነው" አለች። ከዚያ የወለተጊዮርጊስን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠች። ጓዳ ገብታ አንድ እፍኝ ጨው አምጥታ አስጨበጠቻት። "በይ ወለቴ፣ ገዛሁት። አሁን ነይና የልጄን ቦታ አብረን እናሰናዳ።"

አስረስ ይህን ሲሰማ ቱግ አለ። "እኔ የቄስ ልጅ ነኝ! ልጅ እንደ ሙክት አይሸጥም። የሚወለደው በቤቴ፣ የሚጠራውም በስሜ ነው!"

"ይተዉኝ እስቲ፤ ደክሞኛል" አለች።

እውነቷን ነበር። ለጭቅጭቅ የሚሆን ጉልበት አልቀራትም። በማግሥቱ እሱ ወደ ድንጋዩ ሲሄድ እሷ ሳጥኑን እየጎተተች፣ በየመሀሉ እየተቀመጠች፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሻገረችው።

ሰፍያ ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። "ለጋሌጣ መልካም ነው። ልጅ ሲያረጥብበት ግን ውኃው የት ይሄዳል?" አለችና መጥረቢያ አምጥታ የታችኛውን ሳንቃ በየቦታው ሰነጠቀችው። ቁንጫ እንዳይወጣና እርጥበቱን እንዲመጥ ከሥሩ አመድ ነሰነሱ። ውስጡን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ሞሉት፤ ሲረጥብ ይጣልና ሌላ ይተካል። ከላይ ሰፍያ ቀጥቅጣ እንደ ጥጥ ያለሰለሰችውን ቃጫ ደለደሉበት።

ቀጥሎ ቦታ ጠፋ። በሩ ጋ ብርድ ይገባል፤ ምድጃው ጋ ጢሱ ያፍናል። ወዲያ ወዲህ ሲጎትቱት ቆዩና ሰፍያ ከላሟ ግርዶሽ አጠገብ አቆመችው።

"ከከብት ጋር?" አለች ወለተጊዮርጊስ።

"ትንፋሿ ይሞቃል። ደግሞ ላሚቱ የማንንም ልጅ ነክሳ አታውቅም።"

ወለተጊዮርጊስ ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ አስረስ ቢሮ ሲሄድ ይለብሰው የነበረውን እጀ ጠባብ እየቀደደች የሽንት ጨርቅ አደረገችው። አንዱን ስታጥፍ፣ "ይኼ ለል..." ብላ ምላሷን ነከሰች። "ይኼ ላንቺ ልጅ ይሆናል" አለች።

አስረስ ማታ ሲመለስ ሳጥኑን አጣው። እራቱን ሳይነካ ተኛ። "እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም" ያለው ጀርባውን ሰጥቷት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቤት እየኖሩ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ።

ምጡ የያዛት በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ነው። አጥሩን በእንብርክክ አለፈችው። ሰፍያ አዋለደቻት፤ እትብቱን ቆረጠች፣ ልጁን አጥባ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው። ወንድ ነው። እናቱ እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

"ሞግዚት፣ ልጄ ርቦታል፤ በይ አጥቢልኝ" አለች ሰፍያ አንሥታ እየሰጠቻት። ድምፅዋ ቀልድ አልነበረበትም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አስረስ ከሥራ ገባ። ቤቱ ባዶ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የሕፃን ልቅሶ ሰማ። ወለተጊዮርጊስ እግሩ ሲሮጥ፣ ከዚያም ደጃፉ ላይ ሲቆም ሰማችው። ጢሙ በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል። አሁን "ልጄ" ካለ አለቀ። ልቧ ለምኚው ለምኚው አላት።

አስረስ ገባ። ሳጥኑን አየ፤ የተሰነጠቀውን ሳንቃ፣ የእጀ ጠባቡን ቁራጮች አየ። ሚስቱ ክንድ ላይ ያለውን ልጅ ብዙ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሰፍያ አዞረ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እትዬ ሰፍያ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት። "ልጅሽን ያሳድግልሽ።"

"አሚን" አለች ሰፍያ።

ወለተጊዮርጊስን ማንም ምንም አላላትም። ልጁን ወደ ጡቷ አስጠጋች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በልቧም አሜን አለች።