ማንጎ የሸተተው ጥሩምባ

የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ ጥሩምባ ሳጥብ የባለቤቱን ምሳ ሳይቀር አውቃለሁ። የልጄን ጥሩምባ ስፈታው ግን ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ።

«ሲጋራ እኮ አይደለም አባዬ፣ የኤሌክትሪኩ ነው። የማንጎ ጣዕም ያለው እንፋሎት ብቻ!» አለችኝ ስጠይቃት።

«ለእንፋሎትማ ማንቆርቆሪያ አለልሽ አይደል?»

ሳቀች፤ ሳቋን ግን ሳል ቆረጠው። የምትጫወትበት ባንድ መሪ ጥሩምባ ነፊ ለመሆን በፈተና አንድ ድምፅ ሃያ እስኪቆጠር በአንድ ትንፋሽ መያዝ አለባት። ስትሞክረው አሥራ አንድ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ለፈተናው የቀረው ሦስት ወር ነው።

በማግስቱ ማጨሻዋን አምጥታ የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ ወረወረችው።

«ቆልፍበት። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

ለመነችኝ። ተነጫነጨች። «ጨካኝ!» አለችኝ። ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም።

የፈተናው ቀን ከአዳራሹ በር ውጭ ቆሜ በጣቶቼ ቆጠርኩ። የእጄ ሲያልቁ ጫማዬ ውስጥ በእግሬ ቀጠልኩ። እነሱም አለቁ፤ እሷ ግን ገና ትነፋለች!

ስትወጣ ጥሩምባውን ተቀብዬ አሸተትኩት። ናስ ናስ ብቻ ይላል።

«አለፍኩ አባዬ!»

«የነፋሽው አንቺ፣ ደረቱ የተነፋው እኔ» አልኳት።